በዴይተን ከተማ ስለ አንድ መምህር የተደረገ ሙግት

ሰው እንዴት ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ በሊቃውንት ጉባኤ ሲመረመር የኖረ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከጉባኤ ወጥቶ ወደ ሕፃናት ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ነገሩ የመምህሩ፥ የወላጁና የመንግሥቱ ሁሉ ሆነ። ይህም ምን እንዳስከተለ ለማስረዳት በአሜሪካ አገር በቴነሲ ግዛት በ1925 ዓመተ ምሕረት የተደረገውን ሙግት ማንሣት ይበቃል። በዚህ ጽሕፈት የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የነገሩ መነሻ ቻርልስ ዳርዊን የተባለው የእንግሊዝ አገር የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። በ1859 ባወጣው መጽሐፍ እንዲህ ሲል አስረዳ፤ እንስሳትና ዕፀዋት በሕይወት ሊኖር ከሚችለው ቍጥር የበለጠ ይወልዳሉ፤ ከሚወለዱትም አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፤ ለሚኖርበት ስፍራ የሚስማማ ጠባይ ያለው ተርፎ ዘሩን ይተካል፤ ይህም በብዙ ሺሕና በብዙ ሚሊዮን ዓመት ሲደጋገም ዓይነቱ ይለወጣል። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል እየመረጠ ከዓመት ወደ ዓመት እንደሚያሻሽለው ያለ ነው፤ ልዩነቱ በዱር የሚመርጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህ ትምህርት ዛሬ ዝግመተ ለውጥ ይባላል። በ1871 ደግሞ በሌላ መጽሐፍ የሰውን ነገር ጨመረበት። ብዙ ሰዎች ዳርዊን ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ አለ እያሉ ያወራሉ፤ ትምህርቱ ግን ሰውና ሰው መሰል እንስሳት እጅግ በራቀ ዘመን ከአንድ የጋራ ዘር ወጡ የሚል ነው እንጂ፥ ዛሬ በገደል ላይ የሚታየው ዝንጀሮ የሰው አባት ነው የሚል አይደለም።

ይህን የሰሙ ክርስቲያኖች በአንድ ቃል አልመለሱም። አሳ ግሬይ የተባለው የአሜሪካ ዕፀዋት ሊቅ ሃይማኖቱን ሳይተው ትምህርቱን ተቀበለ፤ የፈጣሪን ሥራ የሚያስክድ ነገር አላገኘበትም። ሌሎች ግን ኦሪት ዘፍጥረት የሚናገረውን ስድስት ቀን በቃሉ እንደ ተጻፈ ካልተቀበሉት የሃይማኖት መሠረት ይናወጣል ብለው ተቃወሙ።

ከእነዚህ ተቃዋሚዎች አንዱ የቴነሲ ምክር ቤት አባል የነበሩት ገበሬው ጆን በትለር ናቸው። በ1925 ያቀረቡትም ሕግ፥ በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ትምህርት ቤት ያለ መምህር መጽሐፍ ቅዱስ የሚናገረውን የሰውን አፈጣጠር ክዶ ሰው ከዝቅተኛ እንስሳ ወገን ተገኘ ብሎ እንዳያስተምር ይከለክላል። ያስተማረ ከ100 እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። አገረ ገዥው በመጋቢት ወር ፈረሙበት፤ ሆኖም ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል ብለው አላሰቡም ነበር።

ያው መንግሥት መምህራን እንዲያስተምሩበት በፈቀደው የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ውስጥ ግን ይኸው የተከለከለው ትምህርት ታትሞ ይገኝ ነበር። መምህሩ በመጽሐፉ ቢያስተምር ሕግ ይተላለፋል፤ መጽሐፉን ቢተው የታዘዘውን ትምህርት ያጐድላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ከመምህሩ በፊት መጽሐፉን ገልጠው ማየት በተገባቸው ነበር።

በኒውዮርክ የሚገኝ የዜጎችን ነጻነት ለመጠበቅ የቆመ ማኅበር በዚህ ሕግ ለሚከሰስ መምህር ጠበቃ እንደሚያቆም በጋዜጣ አስነገረ። ዴይተን 1,800 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረች። የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች በአንድ መድኃኒት ቤት ተሰብስበው መከሩና ጆን ስኮፕስ የሚባለውን የ24 ዓመት ወጣት መምህር አስጠሩት። ለመከሰስ ፈቃደኛ እንደ ሆነ ጠየቁት፤ እርሱም እሺ አለ። ሰዎቹ የከተማቸው ስም እንዲነሣና ገበያዋ እንዲደራ መፈለጋቸው የተሰወረ አይደለም። ስኮፕስ በታመመው መምህር ፈንታ ለጥቂት ጊዜ ገብቶ ያስተማረ ነበርና፥ ያን ምዕራፍ ማስተማሩን እንኳ ራሱ በርግጥ አያውቅም ነበር።

ለከሳሽ ወገን የቆሙት ሚስተር ዊልያም ብራያን ናቸው። ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረዋል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ። እኒህን ሰው መማርን እንደሚጠላ አላዋቂ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። በዘመናቸው ሁሉ ለገበሬና ለድኻ የተከራከሩ ናቸው፤ የፈሩትም ኃይለኛው ደካማውን ጥሎ ማለፉ የተፈጥሮ ሕግ ነው የሚል አሳብ በልጆች ልብ እንዳያድር ነው። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በዚያው የመማሪያ መጽሐፍ የሰው ዘር እንደ ከብት ዘር እየተመረጠ ይርባ የሚል ክፉ ምክር ተጽፎበት ነበርና። ነገር ግን ሕጉ የከለከለው ይህን ምክር ሳይሆን ስለ ሰው አመጣጥ የሚነገረውን ትምህርት ነው፤ ምክሩን ማንም አልከለከለውም።

ሙግቱ ሐምሌ 10 ቀን ተጀመረ። ነገሩም በራዲዮ ወደ ሩቅ አገር ይሰማ ነበር። ሁለት ተማሪዎች ለምስክርነት ቀረቡ፤ የተከሳሹ ጠበቃ ሚስተር ክላረንስ ዳሮው ትምህርቱ ጐድቶት እንደ ሆነ አንደኛውን ጠየቁት፤ አልጐዳኝም አለ። ሁለተኛውም በትምህርቱ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን አለመውጣቱን ተናገረ። ሜይናርድ ሜትካፍ የሚባል የእንስሳት ሊቅ ደግሞ ቀረበ፤ ይህም ሰው በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር የነበረ ነው። ዳኛው ግን ጁሪ የሚባሉት 12 ፈራጆች የሊቃውንቱን ቃል እንዳይሰሙ ከለከሉ።

ሐምሌ 20 ቀን ችሎቱ ከአዳራሹ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሚስተር ዳሮውም ሚስተር ብራያንን ራሳቸውን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ለምስክርነት ጠሯቸው፤ ስለ ዮናስ፥ ስለ ኢያሱና ስለ ቃየል ሚስት መረመሯቸው። የፍጥረት ቀኖች እያንዳንዳቸው የ24 ሰዓት ቀን ናቸውን ተብለው ሲጠየቁ፥ ሚስተር ብራያን እንደዚያ መሆናቸው ግድ እንዳልሆነ፥ ረጅም ዘመንም ሊሆኑ እንደሚችሉ መሰከሩ። ከደጋፊዎቻቸው ብዙዎቹ ደነገጡ።

አንድን ቃል አንድም እያለ ሲተረጕም ለኖረ የኢትዮጵያ ሊቅ ይህ መልስ እንግዳ አይሆንበትም። ቅዱስ አውግስጢኖስም ከ1,500 ዓመት በፊት ዘፍጥረትን ሲተረጕም፥ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር የማያውቀውን በመጽሐፍ ስም እየተናገረ በሚያውቁት ሰዎች ፊት መጽሐፉን እንዳያዋርድ አስጠንቅቆ ነበር።

ጥያቄውም ከኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ1974 በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላት ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ትቈጥራለች። ሁለቱን የሰማ ልጅ መምህሩን ቢጠይቅ ሊቈጡት አይገባም። መምህሩም አጥንቱ ከየት እንደ ተቈፈረ፥ በላይና በታች ያለው የእሳተ ገሞራ ዐመድ እንዴት እንደሚለካ ያሳየው፤ የዘመን ቍጥሩን ትርጓሜ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መምህር ይስማ። በአንዱ ሰዓት የሁለቱን ሥራ ልሥራ የሚል መምህር ሁለቱንም ያበላሻል።

ወደ ሙግቱ ለመመለስ፥ ጁሪዎቹ 9 ደቂቃ ብቻ ተማክረው ስኮፕስን ጥፋተኛ አሉት፤ ዳኛውም 100 ዶላር ፈረዱበት። ሚስተር ብራያን ገንዘቡን እኔ እከፍልለታለሁ ብለው ነበር፤ ሕጉም ቅጣት እንዳይኖረው አስቀድመው መክረዋል። ከፍርዱ በኋላ በአምስተኛው ቀን በዚያው በዴይተን ተኝተው ሳሉ ዐረፉ። በ1927 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ሻረው፤ የሻረውም በትምህርቱ ምክንያት ሳይሆን ከ50 ዶላር በላይ የሆነ መቀጫ በዳኛው ሳይሆን በጁሪ መወሰን ነበረበት በማለት ነው።

ሕጉ ግን እንዳለ ቀረ። መጽሐፍ አሳታሚዎችም ፈርተው ስለ ዝግመተ ለውጥ የተጻፈውን ከመማሪያ መጻሕፍት አወጡ፤ ስኮፕስ ያስተማረበት መጽሐፍ ራሱ በ1926 ታርሞ ሲታተም ቃሉ አልተገኘበትም። የቴነሲ ምክር ቤት ሕጉን የሻረው በ1967 ነው። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአርካንሳስ ግዛት የነበረውን ተመሳሳይ ሕግ አፈረሰ። በ1987 ደግሞ ዝግመተ ለውጥን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሁሉ የፍጥረትን ትምህርት በሳይንስ ስም አብሮ ያስተምር የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ ሻረ።

ጆን ስኮፕስ ወደ መምህርነት አልተመለሰም። በቺካጎ የመሬትን አፈጣጠር ተምሮ በቬኔዙዌላና በሉዊዚያና በነዳጅ ሥራ ኖረ፤ ሕጉ በተሻረበት በ1967 የሕይወቱን ታሪክ አሳተመ፤ በ1970ም ዐረፈ።