ስለ ጾታዊ ማንነትና ዝንባሌ ከቴራፒስት ጋር ሲነጋገሩ

ሐበሻ ታካሚ ወደ ምክር ክፍል ሲገባ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ቴራፒስቱን ሳይሆን እኔን፣ አስተርጓሚውን ነው። «ይህ ሰው ቤተሰቤን ያውቅ ይሆን?» ብሎ መስጋት ተገቢ ነው፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ በለቅሶም በሰርግም እንገናኛለን። በክፍሉ የሰማነውን ለማንም እንዳንናገር የሙያ ሥነ ምግባራችንም፣ ሂፓ የተባለው የአሜሪካ የጤና ምስጢር ሕግም ያስገድደናል። ይህ ካላሳመነዎት በሌላ ስቴት የሚኖር የስልክ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ስምዎ እንዳይነገረውም ማድረግ ይቻላል። አይከፍሉበትም። ልጅዎን ወይም ባለቤትዎን ግን አስተርጓሚ አያድርጉ።

ሁለቱ ቃላት

ጾታዊ ማንነት አንድ ሰው በውስጡ ራሱን ወንድ፣ ሴት ወይም ከሁለቱ የተለየ አድርጎ ማወቁ ነው። ጾታዊ ዝንባሌ ደግሞ ልቡ በፍቅር ወደ ማን እንደሚሳብ ነው። አንዱ ሌላውን አይወስንም። በአገር ቤት የለመድነው ቃል ፍርድ ያዘለ ስለሆነ እኔ ከራሴ አላመጣውም፤ ታካሚው ከተናገረው ግን እንዳለ አስተረጉማለሁ።

ነርስነት በተማርኩበት ዘመን ይህ ጉዳይ ከተነሳም የሚነሳው እንደ በሽታ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል።

በክፍሉ ውስጥ

ቴራፒስቱ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። «እንዲህ ነዎት» ብሎ አይደመድምም፤ ከብዙ ቀጠሮ በኋላም ለስሜቱ ስም ያላገኘ ሰው አለ፣ ችግር የለውም። ለቤተሰብ መንገር ግዴታ አይደለም። ቢነግሩ የት እንደሚያድሩ፣ ማን እንደሚደግፍዎ አስቀድማችሁ አብራችሁ ትመዝናላችሁ። ጸሎትዎንና ጾምዎን እንዲተው ማንም አያስገድድዎትም። «ዝንባሌህን እቀይራለሁ» ከሚል ሰው ግን ይራቁ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2009 ጥናቶቹን መርምሮ እንዲህ ያለው ሙከራ ለመሥራቱ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችልም ገልጿል።

የሚያስቸግረው አማርኛችን ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል፤ እኛ አንተ ወይም አንቺ ሳንል አንድ ዓረፍተ ነገር አንጨርስም። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት «እንዴት ብዬ ልጥራዎት?» እላለሁ። መምረጥ ለከበደው ሰው «እርስዎ» አለልን፤ ጾታ የለውም። የሃያ ዓመት ወጣት መጀመሪያ ሲሰማው ይስቃል፣ ቆይቶ ይለምደዋል።

ምስጢር የት ድረስ ነው?

ራስን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት አደጋ ካለ፣ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ባለሙያው ለሚመለከተው አካል ሊያሳውቅ ይችላል። ዕድሜዎ ከ18 በታች ከሆነ ለወላጅ የሚነገረውና የማይነገረው በየስቴቱ ይለያያል፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ምንም ሳይናገሩ በፊት ይጠይቁ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ነው። በወላጅ ወይም በባለቤትዎ ኢንሹራንስ ከታከሙ፣ የሕክምናው ዝርዝር ወረቀት በእነሱ ስም ቤት ሊመጣ ይችላል። ወረቀቱ ቢታይ አደጋ ላይ የሚጥልዎት ከሆነ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክ ኢንሹራንሱን መጠየቅ መብትዎ ነው። ከቀጠሮው በፊት ይደውሉ።

ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 988 ይደውሉ። ቀንና ሌሊት ይሠራል። «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።