ለድኻ ልጅ የትምህርት ገንዘብ መክፈል የሚያፈራው ፍሬ

ልጅን ወልዶ ማሳደግና ማስተማር የአባትና የእናት ዕዳ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ወላጆች በልባቸው እየወደዱ በእጃቸው የማይችሉት ነገር አለ፤ ይኸውም ልጃቸው አንደኛ ደረጃን ጨርሶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር የሚጠየቀው ገንዘብ ነው። በብዙ ድኻ አገሮች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመንደሩ አጠገብ ይገኛል፤ ሁለተኛ ደረጃው ግን ሩቅ ነውና የቤት ኪራይ ወይም የአዳሪ ቤት ክፍያ፥ የደንብ ልብስ፥ መጽሐፍና ቀለብ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ልጁ በዚያ ዕድሜው ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ጉልበቱ የጠና ስለ ሆነ፥ እርሱን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ ለቤተ ሰቡ ድርብ ወጪ ነው። ስለዚህ ብዙ ብሩህ አእምሮ ያለው ልጅ ፈተናውን አልፎ ሳለ በደጅ ይቀራል።

ይህን ነገር በምሳሌ ለማስረዳት በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኪያምቡ አውራጃ፥ ሚታሃቶ በምትባል መንደር፥ ክሪስ ምቡሩ የሚባል የድኻ ልጅ ነበር። ትምህርቱን አጥብቆ ይወድ ነበር፤ ወላጆቹ ግን የሚከፍሉት አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት፥ በስዊድን አገር የሚኖሩ ወይዘሪት ሂልዳ ባክ የሚባሉ አስተማሪ ለማያውቁት ለዚህ ልጅ በየትምህርት ወቅቱ ዐሥራ አምስት ዶላር ያህል ይልኩለት ጀመር። ወይዘሪት ሂልዳ ባለጸጋ አልነበሩም፤ የሚኖሩት በመምህርነት ደመወዛቸው ነበር። ልጁ ግን በዚያች ጥቂት ገንዘብ ሁለተኛ ደረጃን ፈጽሞ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፤ ከዚያም በአሜሪካ በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ትምህርቱን ቀጥሎ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ መብት ሠራተኛ ለመሆን በቃ።

አቶ ምቡሩ ለዚህ ክብር ከደረሱ በኋላ ውለታውን አልረሱም። በመንደራቸው ያሉትን የድኻ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር አንድ የርዳታ ገንዘብ አቋቁመው በእኒያ ሴት ስም «የሂልዳ ባክ የትምህርት ገንዘብ» ብለው ሰየሙት። ሴቲቱን ግን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም ነበርና፥ በስዊድን ኤምባሲ በኩል አስፈልገው አገኟቸው። ወይዘሪት ሂልዳም ወደ ኬንያ መጥተው የመንደሩ ሕዝብ በዘፈንና በእልልታ ተቀበላቸው። የዚህ ነገር ታሪክ በ2010 ዓ.ም. በፊልም ወጥቶ በብዙ አገር ታይቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አቶ ምቡሩ ስማቸውን ከሰየሙ በኋላ የሰሙት ነገር ነው። ወይዘሪት ሂልዳ በ1922 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከአይሁድ ወላጆች የተወለዱ ነበሩ። ናዚዎች የአይሁድን ልጆች ከትምህርት ቤት ስላስወጧቸው እርሳቸውም በልጅነታቸው ከትምህርት ተከለከሉ፤ በኋላም ወደ ስዊድን ሸሽተው ሲድኑ ወላጆቻቸው በእስር ሰፈር አለቁ። እንግዲህ የትምህርት ቤት በር የተዘጋባቸው ሴት ለሌላ ልጅ በር ከፈቱ ማለት ነው። የራሳቸው ልጅ ሳይወልዱ በ2021 ዓ.ም. በ98 ዓመታቸው ቢያርፉም፥ ስማቸውን የሚጠሩ ብዙ ልጆች ትተው ሄደዋል።

ከዚህ ሌላ በዚምባብዌ አገር የሆነውን መናገር ይገባል። በ1991 ዓ.ም. አን ኮተን የሚባሉ የዌልስ ተወላጅ ሴቶች ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ የሚቀሩበትን ምክንያት ለመመርመር ወደዚያ ሄዱ። ብዙ ሰው ምክንያቱ የወላጆች ልማድ ነው ይል ነበር፤ እርሳቸው ግን ያገኙት ድኽነትን ነው። ገንዘቡ ለአንድ ልጅ ብቻ ሲበቃ ወላጆች ወንዱን የሚመርጡት ሥራ ለማግኘት ይቀለዋል ብለው ነው እንጂ ሴቲቱን ጠልተው አይደለም። ስለዚህ በ1993 ዓ.ም. ካምፌድ የተባለውን ማኅበር መሥርተው በ32 ልጃገረዶች ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ርዳታው ወደ ሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ደርሷል፤ የተማሩትም ሴቶች በተራቸው ታናናሾቻቸውን ይረዳሉ።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። ኬንያ በ2003 ዓ.ም. የአንደኛ ደረጃን ክፍያ አስቀርታለች፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ተመላላሽ ለሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማስተማሪያውን ወጪ መሸፈን ጀምራለች። ነገር ግን የማስተማሪያው ክፍያ ቢቀር የደንብ ልብሱ፥ ምሳውና የአዳሪ ቤቱ ወጪ አይቀርም፤ የድኻውን ልጅ የሚያስቀረውም ብዙ ጊዜ ይህ ትንሽ የሚመስለው ነገር ነው።

እንግዲህ ለመርዳት የሚያስብ ቤተ ሰብ ሦስት ነገር ልብ ያድርግ። መጀመሪያ፥ ሊፈጽመው የማይችለውን አይጀምር፤ አንድን ልጅ ሁለት ዓመት አስተምሮ በመንገድ መተው ተስፋውን ሰጥቶ መንጠቅ ነውና፥ እስከ መጨረሻው ክፍል የሚበቃውን አስቀድሞ ያስላ። ሁለተኛ፥ ተረጂውን በፈተና ውጤት ብቻ አይምረጥ፤ ሳይበላ የሚማርና ማታ የሚያጠናበት መብራት የሌለው ልጅ ያገኘው ውጤት ከደላው ልጅ ውጤት ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባውምና፥ ኑሮውን የሚያውቁትን መምህራንና የመንደሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። ሦስተኛ፥ ውለታውን እየጠራ ልጁን አያሳፍር፤ ወይዘሪት ሂልዳ ለልጁ ውለታቸውን አላስታወሱትም፥ እርሱ ግን አልረሳቸውም።

ይህ ሥራ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን፥ ቁራሽ የሰጡት እናቶች ሁሉ ሳያውቁት መምህርን ያሳድጉ ነበር። አንዲቱ ቤት ብቻዋን ልታስተምረው ባልቻለች ነበር፤ መንደሩ በአንድነት ግን አስተማረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለ፥ ዛሬም ዐሥር ቤተ ሰብ በዕድራቸው ወይም በማኅበራቸው ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ አንድ ልጅ ከደጅ ወደ ውስጥ ይገባል። ያ ልጅ ነገ ማንን እንደሚያስገባ ግን ዛሬ የሚያውቅ የለም።