ስለ ብረት ሠራተኛና ስለሚገባው ክብር

እርሻ ያለ ማረሻ፥ ቤት ያለ ምሳር፥ ቤተ ክርስቲያንም ያለ መስቀልና ያለ ደወል እንደማይሆን ማንም የሚስተው አይደለም። ይሁን እንጂ ማረሻውን የሳለ፥ ምሳሩን የቀጠቀጠ፥ መስቀሉንም በእሳት ያፈሰሰ እጅ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚጠይቅ ቢገኝም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ለማመስገን ሳይሆን ለመሸሽ ነው።

ይህ ልማድ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። ሙሴ ደብተራ ኦሪትን ባሠራ ጊዜ ወርቁን፥ ብሩንና ናሱን የሠራው ባስልኤል ጥበቡን ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተቀበለ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ተነግሯል። ሲራክም በምዕራፍ 38 የቀጥቃጩን ላብና የእሳቱን ወላፈን ከዘረዘረ በኋላ ከተማ ያለ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች እንደማይቀና ያስረዳል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ደግሞ በእስራኤል አገር ቀጥቃጭ ታጥቶ ገበሬው ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበር ይነበባል። እንግዲህ ባለ እጁን የናቀ አገር ማረሻውን ከባዕድ ደጅ እንደሚያሳል ከዚህ ይታወቃል።

የኢትዮጵያ ነገሥታትም ይህን ነገር ሳያስተውሉት አልቀሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ሰዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ፤ ከብዙ ሙከራም በኋላ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ተፈሰሰ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ነገር ግን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀ ጊዜ ሠሪዎቹ ተበተኑ፤ የጋፋትም እሳት ጠፋ። ጥበብ በንጉሥ ትእዛዝ ሊጀመር ይችላል፤ የሚጸናው ግን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍና ሠሪውም በወገኑ መካከል ሲከበር ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ ተሳዳቢውም እንዲቀጣ አዘዙ። በዚያው ዓመት ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ጀምሮ መንገድ ባልተበጀበት ምድር አምጥቶ አዲስ አበባ አገባው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ተቀመጡበት። አዋጁና አውቶሞቢሉ በአንድ ዓመት መግጠማቸው የሚያስደንቅ ነው። አውቶሞቢሉ ከተማ ሲገባ ሁሉ አየው፤ አዋጁ ግን ወደ ሰው ልብ ለመግባት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ይህ ነገር በምዕራብ ሸዋ በግልጥ ይታያል። በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ባነሰ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን መናገሻ ሊያደርጓት አስበው ነበር። አሳቡ ቢቀርም ወደ እርሷ የተሠራው መንገድ በአገሪቱ ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሆነ፤ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው፥ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር ያለው የእንፋሎት መዳመጫ የሚታወሰው ከዚሁ ዘመን የመንገድ ሥራ ጋር ነው። ዛሬ የምዕራቡ መንገድ ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ በጊንጪ፥ በአምቦ፥ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ወለጋ ይወርዳል። መንገድ ባለበት መኪና አለ፤ መኪና ባለበትም የሚሰበር ነገር አይጠፋምና፥ ጠጋኙ መንገዱን ተከትሎ በየከተማው ሰፈረ።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የፋሽስት ጦር በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ የመኪናዎቹን ስብርባሪና የዕቃዎቹን ስም ትቶ ሄደ። ፍሬን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ካንዴላ፥ ማርሚታ፥ ላሜራ፥ ቶርኖ የሚባሉት ስሞች ሁሉ ከኢጣሊያ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ስሙ የባዕድ ይሁን እንጂ ዕቃውን ፈትቶ የሚገጥመው እጅ የአገር ልጅ እጅ ነው።

በመንገድ ዳር ባሉት የሥራ ቤቶች አንድ ሰው ብቻውን ሥራ አይፈጽምም። ሞተር አዋቂው ያላየውን ስንጥቅ በያጁ ያየዋል፤ በያጁ የማይችለውን ላሜራ ሠሪው ይቀበለዋል፤ በገበያ የማይገኘውንም ዕቃ ቶርኖ ያለው ባልንጀራቸው ከአሮጌ ብረት ቀርጾ ያወጣዋል። ዘመኑ ያለፈበት ቮልስዋገን ወይም ፊያት ሲመጣላቸው በመጀመሪያ ዝገቱ ይፋቃል፤ የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል፤ የጎደጎደው ከውስጥ በብረት ተደግፎ በመዶሻ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ የቀረው በስቱኮ ተሞልቶ ይለሰልሳል፤ ቀለም የሚቀባው በመጨረሻ ነው። የችኩል ሥራ ዝገቱን በቀለም ይሸፍናል፤ ዝገቱ ግን ከቀለሙ በታች መብላቱን አይተውም።

ይህ ጥበብ ለቅንጦት ብቻ የሚያገለግል መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪናን ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በአገር ውስጥ ያለው ብዙ ሺሕ መኪና እንግዲህ ዕድሜው የሚረዝመው በጠጋኙ እጅ ነው። እድሳት የማይገባው ሆኖ የተጣለው መኪና ደግሞ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ወደ ማቅለጫ ይሄዳል፤ ከእርሱም ጋር የአሠራሩ ታሪክ ይቀልጣል።

ሆኖም የአሮጌ መኪና ብረት ሁሉ ወደ ማቅለጫ አይደርስም። የጭነት መኪና ባሌስትራ በተሰበረ ጊዜ ከጋራዡ ወጥቶ ወደ ገጠሩ ቀጥቃጭ ይሄዳል። ባሌስትራ ከመቶው ግማሽ እጅ የሚያህል ካርቦን ያለበት ብረት ስለ ሆነ በእሳት ግሎ፥ በመስፍ ላይ ተቀጥቅጦ፥ በውሃ ሲነከር ይጠነክራል። ቀጥቃጩ ወናፉን እያስነፋ የብረቱን ቀለም ይጠብቃል፤ ቀድሞ ቢነክረው ስለቱ ይዶለዱማል፥ እሳት በዝቶበት ቢነክረውም እንደ ሸክላ ይሰበራል። ለዚህ መለኪያው ዓይኑ ብቻ ነው። ትናንት እህል የጫነ መኪና ተሸክሞ የነበረው ባሌስትራ እንዲህ ሆኖ በሚመጣው ክረምት እህሉን የሚያበቅል ማረሻ ይሆናል።

ከብረት ቀጥቃጩ ጎን ናስና ብር የሚያፈሰው አንጥረኛ አለ። ብረት የሚቀልጠው ከ1500 ዲግሪ በላይ ስለ ሆነ በወናፍ እሳት ለማፍሰስ አይመችም፤ ናስ ግን 1000 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈሳል። አንጥረኛው መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በባዶው ስፍራም የቀለጠው ማዕድን ይገባል። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉት ከዚሁ ከአንጥረኛው ሥራ የተወሰደ ምሳሌ ነው። እንግዲህ የቅኔ ቤት ምሥጢሯን የገለጠችበት ቋንቋ የዚያ የተናቀው ባለ እጅ ቋንቋ ነውና፥ ወርቁን የሚወድ ሰው ሰሙን የቀረጸውን ሊንቅ አይገባውም።

የሐውልት ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሙትን የዐፄ ምኒልክን ሐውልትና የይሁዳ አንበሳን ነድፈው የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ዓለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከመሠረቱ ወዲህ ግን ቅርጽ መቅረጽ የአገር ልጅ የሚማረው ትምህርት ሆኗል። የተጣለ ማርሽና ሰንሰለት በይዶ ወፍ ወይም ፈረሰኛ የሚያወጣ ወጣት ሲታይ፥ እጁ የሚሠራው ሥራ የአንጥረኛውና የላሜራ ሠሪው ሥራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ነገሩ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። በከተማ ብረት የሚበይደው ወጣት መካኒክ ተብሎ ይከበራል፤ ያንኑ ባሌስትራ በገጠር የሚቀጠቅጠው ሽማግሌ ግን በኦሮምኛ ቱምቱ፥ በአማርኛም ጠይብ እየተባለ በንቀት ይጠራል፤ ቡዳ ነው ተብሎም ይፈራል። ልጁን የሚያገባለት ጎረቤት ማግኘት ያስቸግረዋል። ማረሻው በሁሉ ቤት ይገባል፤ እርሱ ግን ከደጅ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ የአባቱን ሥራ ሲሸሽ የሚወቀሰው ልጁ አይደለም። ልጁ ሲሸሽ ግን የብረቱን ቀለም የሚያነበው ዓይን ከአባቱ ጋር ይቀበራል፤ በመጽሐፍ ስላልተጻፈም ከመጽሐፍ አይገኝም።

ይህን ለማዳን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ባለሥልጣን ለከተማው ጋራዥ ቦታ ሲሰጥ ለገጠሩም ቀጥቃጭ በገበያው አጠገብ ጥላና መሥሪያ ቢሰጠው፤ በየከተማው ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶችም ሽማግሌውን እንደ መምህር ጠርተው የማሞቁንና የመንከሩን ሥርዐት ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ፤ ከአሮጌዎቹም መኪናዎች ጥቂቱ ወደ ማቅለጫ ከመሄድ ተርፈው ለመማሪያ ቢቀመጡ፥ ጋፋት ያጣችውን ተከታይ ምዕራብ ሸዋ ታገኛለች። ካህን ደግሞ ከባለሥልጣን የሚበልጥ ሥራ አለበት። አዋጅ ስድብን ከአፍ ሊከለክል ይችላል፤ ከልብ የሚያወጣው ግን ትምህርት ነው። የንስሐ አባት የንስሐ ልጆቹን ስለ ጾምና ስለ መሐላ እንደሚጠይቃቸው ሁሉ፥ ባለ እጅ ጎረቤታቸውን በሥራው ምክንያት ሰድበው ወይም ከማኅበራቸው አርቀው እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው፥ በ1900 ዓ.ም. የተነገረው አዋጅ ወደ ተላከበት ቦታ በደረሰ ነበር። በእጁ የያዘው መስቀል ከማን እሳት እንደ ወጣ የሚያስታውስ ካህን ይህን ለመጠየቅ አይከብደውም።