ከመከለያው በታች የተሸሸገ ጉዳት

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ መኪና በአገራችን እየበዛ ሄዶ፥ ዛሬ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ እንደ አንድ የቤት ዕቃ ይቈጠራል። ዳሩ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከላይ የሚታየውን ቀለሙንና ወንበሩን ነው እንጂ ከሆዱ በታች ያለውን አይደለም። ይህ አለማወቅ ሞተርን እንደሚያጠፋ፥ ከዚያም አልፎ የሰውን ስም እንደሚያጠፋ በቅርብ ዘመዳችን ቤት በዐይናችን ስላየን፥ ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅም ይሆናል ብለን ነገሩን እንደ ሆነው እንጽፋለን።

ታላቅ ወንድማችን ብዙ ዘመን በሥራ ደክመው ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ገዙ። እንዲህ ያለችው መኪና በፍጥነት ስትሄድ መሬት ይዛ እንድትሄድ ዝቅ ተደርጋ የተሠራች ስለ ሆነች፥ ሆድዋ ከመሬት የሚርቀው 12 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ገጠር የሚወጡት ፒክ አፕ መኪናዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ወንድማችን በከተማችን ጎዳና ላይ ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በደረሱ ቍጥር፥ በሽተኛ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ይሉ ነበር። መኪናዪቱንም ከእርሳቸው በቀር ማንም እንዳይነዳት በቤታቸው ትእዛዝ ሰጥተው ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. የሞተሩን ዘይት የለወጠላቸው አንድ ትጉህ ወጣት መካኒክ ነበረ። ስድስት ወር አልፎ በግንቦት እንደ ገና መለወጥ ባስፈለገ ጊዜ ግን ወጣቱ ለቤተ ሰብ ጕዳይ ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ ስለ ነበረ፥ ወንድማችን መኪናዪቱን ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋራዥ ወሰዷት። እኛና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጃቸውም አብረን ሄድን።

አዛውንቱ አሮጌውን ዘይት እስከ መጨረሻይቱ ጠብታ አፍስሰው፥ ፊልትሮውን ለውጠው፥ የመኪናዪቱ መጽሐፍ የሚያዝዘውን 4 ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት በልክ ጨመሩ። ሞተሩን ጥቂት አስነሥተው ካጠፉ በኋላም ዘይቱ እስኪረጋ ታግሠው መለኪያውን ዘንግ ቢያወጡ፥ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ተገኘ። ዘንጉን ጠርገው እንደ ገና ቢለኩም ያው ሆነ። እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፥ «ጌታዬ፥ በፍጥነት በሚነዱበት ጊዜ የዘይቱ መብራት ብልጭ ብላ ታውቃለች?» ሲሉ ጠየቁ። ወንድማችንም፥ «ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንዳንዴ ብልጭ ትላለች፤ ሽቦው ላልቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት» ብለው መለሱ። አዛውንቱም፥ «እንግዲያውስ ዘይቱ አልበዛም፤ ዕቃው ጠቦ ነው» አሉ።

የዚህን ቃል ትርጓሜ ለመረዳት የሞተሩን ግርጌ ማወቅ ያስፈልጋል። መካኒኮች ኮፓ ወይም ኦይል ፓን የሚሉት፥ በሞተሩ ሥር በብሎን የታሰረ የዘይት መያዣ ነው። ከወለሉ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የመምጠጫው ቧንቧ አፍ ይገኛል። ፖምፓው በዚህ ቧንቧ ዘይቱን እየሳበ ወደ ሞተሩ ዋና ዘንግና ዘንጉ ወደሚያርፍባቸው ስስ የብረት ቀለበቶች ይልካል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ብረትን ከብረት የሚለየው ይህ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። የኮፓው ወለል በድንጋይ ተመትቶ ወደ ላይ ከገባ ግን ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፥ የሚይዘው ዘይት ስለሚያንስ ያው ልክ ዘይት ከምልክቱ በላይ ይታያል። ሁለተኛ፥ ወለሉ ወደ መምጠጫው አፍ ስለሚቀርብ፥ ሞተሩ ብዙ ዘይት በሚፈልግበት በዚያው በፍጥነት ሰዓት የሚያገኘው ያንሳል። የመጀመሪያው ፖርሽ 911 በ1963 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲታይ ዘይቱን ለብቻው በተሠራ ጋን እንዲይዝ ተደርጎ ነበር፤ የአብዛኞቹ መኪናዎች ዘይት ግን በዚሁ ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለ ኮፓ ውስጥ ነው።

አዛውንቱ መኪናዪቱን በማንሻው ከፍ አድርገው ከታች የተጋረደውን የፕላስቲክ መከለያ ፈቱ። ይህ መከለያ ለዘይት ማፍሰሻ ትንሽ ቀዳዳ ስላለው፥ ዘይት የሚለውጥ ሰው ሁሉ የግድ አይፈታውም። ሲወርድም የኮፓው ወለል እንደ ሰው መዳፍ በሰፋ ቦታ ወደ ውስጥ ገብቶ አየን። የኮፓው ብረት ላሜራ ስለ ሆነ ተጐደጐደ እንጂ አልተሰነጠቀም፤ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቢሆን ይሰነጠቅና ዘይቱን በማንጠባጠብ ራሱን ያጋልጥ ነበር። ይህ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ ስላላፈሰሰ ማንም ሳያውቅበት ኖሯል።

ወንድማችን ይህን ባዩ ጊዜ እጅግ ተቈጡ። «ያ ወጣት ክሪኩን በኮፓው ላይ ተክሎ አንሥቷት ነው፤ ጉዳቱንም ሸሽጎ ገንዘቤን ተቀበለኝ» አሉ። ወዲያውም ስልካቸውን አውጥተው፥ ያንን ወጣት ከእርሳቸው ሰምተው ደንበኛ ላደረጉት ለሦስት ወዳጆቻቸው፥ ከእንግዲህ መኪናቸውን እንዳይሰጡት ነገሩ። እኛም በዚያ ሰዓት እውነት መስሎን ዝም አልን፤ ይህን ዝምታችንን ዛሬ በኀፍረት እናስበዋለን። በሌለበት የተከሰሰ ሰው ጠበቃው ቢያንስ የሰሚው ጥርጣሬ መሆን ይገባው ነበርና።

አዛውንቱ መካኒክ ግን ችኩል አልነበሩም። መብራት አቅርበው ወንድማችንን ጠሩና፥ «ጌታዬ፥ ክሪክ ከታች ወደ ላይ ይገፋል እንጂ ከፊት ወደ ኋላ አይጭርም። ይህ ጭረት ግን ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየሳሳ የሄደ ነው፤ በጭረቱም ውስጥ የመንገድ ቢጫ ቀለም ተጣብቋል። ይህች መኪና የተመታችው ስትሄድ ነው፤ ቆማ አይደለም» አሉ። ቀጥለውም መከለያውን አንሥተው፥ «ይህ ደግሞ ከሌላ መኪና ተቈርጦ የመጣ ነው፤ የብሎኑ ቀዳዳዎች በእጅ የተበሱ ናቸው። መከለያው ደኅና ሆኖ የተከለለው ከቈሰለ፥ መከለያው የመጣው ከቍስሉ በኋላ ነው» አሉ።

በዚያን ጊዜ ልጁ ፊቱ ተለዋውጦ፥ «አባባ፥ እኔ ነኝ» አለ። አባቱ በመጋቢት ወር ለሥራ ወደ ሐዋሳ በሄዱ ጊዜ ቍልፉን ሳያስፈቅድ ወስዶ ሲነዳ፥ በሌሊት ጉብታ ሳያይ ቀርቶ መምታቱን፥ መከለያው መሰበሩን፥ በማግሥቱም መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ለመጽሐፍ መግዣ በተሰጠው ገንዘብ ሌላ መከለያ አስቈርጦ ማስገጠሙን እያለቀሰ ተናገረ። «ዘይት ስላላንጠባጠበ ደኅና ናት ብዬ ነበር» አለ። የወጣቱ መካኒክ ስም ሲነሣ ግን ዝም ማለት አልተቻለውም።

ወንድማችን ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። በኋላም፥ «ለምን ያን ጊዜውኑ አልነገርኸኝም?» ቢሉት፥ «ባለፈው ዓመት መስተዋቷን በብስክሌት ስነካት አንድ ወር ሙሉ አላናገርኸኝም» ሲል መለሰ። ይህ ቃል ከኮፓው ጉዳት ይልቅ እንደ ጐዳቸው ከፊታቸው አነበብን።

ኮፓውን ለማውረድ ሞተሩን ከላይ አንጠልጥሎ ከሥሩ ያለውን ተሻጋሪ ብረት መፍታት ግድ ስለ ነበረ፥ ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አዛውንቱ በወለሉ ላይ ለስላሳ ሰም አኑረው ኮፓውን ወደ ቦታው ቢያስጠጉት፥ ሰሙ በመምጠጫው አፍ ተጨፍልቆ እንደ ሳንቲም ስስ ሆነ። ለዘይት መግቢያ የቀረው መንገድ ያን ያህል ነበር። ቀጥለውም አሮጌውን ዘይትና ፊልትሮውን ቀደው መረመሩ፤ የዘንጉ ማረፊያዎች መበላት ምልክት የሆነው የመዳብ መልክ ያለው ብናኝ አልተገኘም። ሞተሩ ለጥቂት ድኖ ነበር። ኮፓው በአዲስ ተለወጠ፤ መብራቷም ከዚያ ወዲህ ብልጭ አላለችም።

ወንድማችን ግን ሌላ የሚጠገን ነገር እንዳለባቸው ዐውቀው፥ በዚያው ቀን ለሦስቱ ወዳጆቻቸው ደውለው ስሕተታቸውን ነገሯቸው። ወጣቱ መካኒክ በተመለሰ ጊዜም ልጃቸውን ይዘው ወደ ጋራዡ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። ወጣቱ ስለ ነገሩ ገና የሰማው ከእርሳቸው አፍ ስለ ነበረ ተገረመ፤ ይቅርም አላቸው። ልጁም በዕረፍት ቀኑ እየሄደ ወጣቱን በሥራ እንዲረዳ ተስማሙ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ከዚህ የሚጠቅማቸውን እንዲይዙ እንለምናለን። መኪናዎ ከታች ከተመታ፥ ዘይት ባይፈስም መከለያውን አስፈትተው ያስመርምሩ። የዘይት መብራት በጕዞ ላይ ከበራች ሽቦ ነው ብለው አይለፉት፤ ሞተሩን አጥፍተው መካኒክ ይጥሩ። ክሪክ በኮፓ ሥር አይተከልም፤ ለማንሻ የተመለከተው ቦታ በመኪናው መጽሐፍ ተጽፏል። በልክ የተጨመረ ዘይት ከልኩ በላይ ከታየም ትርፉን አፍስሰው ከመሄድ በፊት ምክንያቱን ይጠይቁ።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ነገር ግን በሽተኛው የሚሸሽገው፥ መናገሩ ከበሽታው ይልቅ የሚያስፈራው ሲሆን እንደ ሆነ አባቶች ሁሉ ልናስተውል ይገባናል። ጥፋቱን የተናገረ ልጅ የጥፋቱን ዋጋ ይክፈል፤ ስለ መናገሩ ግን ሌላ ዋጋ አይጨመርበት። እንዲህ ባለ ቤት ጉዳት ገና ትንሽ ሳለ ይታያል፤ የሌለም ሰው ስም በከንቱ አይነሣም።