ማኅደሩ ውስጥ ያለው ሰው

ነባር የሆነ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ብትገቡ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው መደርደሪያው ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በካርቶን ማኅደር ተሞልቷል። አንዱን አውርዳችሁ ክሩን ብትፈቱ ከሁሉም ሥር፣ ወረቀቱ ወይቦ፣ የሕይወት ታሪክ ፎርሙ ይገኛል፦ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ስም። ጥጉ ላይ ጉርድ ፎቶ ተለጥፏል፤ ጠጉሩ ገና ያልሸበተ፣ የሸሚዙን አንገት እስከ ላይ የቆለፈ ወጣት። ከእሱ በላይ የቅጥር ደብዳቤው፣ የትምህርት ማስረጃው፣ የሕክምና ወረቀቱ፣ የዋሱ ፊርማ፤ ከዚያ የደረጃ ዕድገቱ፣ የሐዘን ፈቃዱ፣ አንዳንዴም አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ሲታሰር ሁለት ጣት ያህል ውፍረት አለው።

ይህን ማኅደር የሚጠብቀው ክፍል ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አንጋፋዎቹ ሠራተኞች ዛሬም «ፐርሶኔል» ይሉታል። ቀጥሎ «የሰው ኃይል አስተዳደር» ተባለ፤ አሁን «የሰው ሀብት» ነው። ለውጡ በር ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ፐርሶኔል ይመዘግባል። ኃይል ይለካል፣ ይመደባል። ሀብት ግን ይለማል፤ ያልያዙት ሀብት ደግሞ ይባክናል።

ከስሞቹ ጀርባ ረጅም ክርክር አለ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ ሥራን ከፋፍሎ በሰዓት መለካትን አስተማረ፦ የተሻለውን አሠራር ፈልግ፣ ለሥራው የሚሆነውን ሰው መርጠህ አሠልጥን፣ እንደ ውጤቱ ክፈል። ዛሬ የሥራ መዘርዝር ስንጽፍና የአፈጻጸም ነጥብ ስንሞላ የቴይለር እጅ አለበት። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አቅራቢያ፣ በዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ፣ ተመራማሪዎች መብራት ቢጨመር ምርት ይጨምር እንደሆነ ሊያዩ ገቡ። መብራቱ ሲደምቅ ምርቱ አደገ፤ መብራቱ ባልተነካበት ክፍልም አደገ። ተመራማሪው ኤልተን ማዮና ባልደረቦቹ ከጥናቶቹ የወሰዱት ትምህርት፣ ሠራተኛ ሰው እንዳየው፣ ሐሳቡም እንደተጠየቀ ሲያውቅ ሥራው ይለወጣል የሚል ነበር። የጥናቱ አካሄድ በኋላ ብዙ ተተችቷል፤ ያነሣው ጥያቄ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1960 የአስተዳደር ምሁሩ ዳግላስ ማክግሬገር ጥያቄውን ወደ አለቃው አዞረው። ሠራተኛውን በባሕርዩ ሰነፍ ነው ብሎ የሚያምን አለቃ ቁጥጥር ያበዛል፤ ኃላፊነት መሸከም ይወዳል ብሎ የሚያምን ሥራውን ያካፍለዋል አለ። ጠዋት የመግቢያ ሰዓት ፊርማ ላይ የምንሰለፍ ሁሉ ይህን ክርክር በእግራችን ቆመን እናውቀዋለን።

ንድፈ ሐሳቡ መሬት የሚነካው ግን በወረቀቱ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ መሠረቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች፤ አባት ሦስት ቀን ያገኛል።

የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባውን ሰው ሒሳብ ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። አሥር ዓመት አገልግሏል እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዙ ይታሰብለታል። ለቀሪው ዘጠኝ ዓመት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ ማለትም የ10 ቀን ይጨመራል፤ ድምሩ የ120 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው የመደመር ዕውቀትና አንድ ቀን ነው፦ የተቀጠረበት ቀን። የቅጥር ደብዳቤው ከማኅደሩ ከጠፋ ግን ሕጉ የሰጠውን ለማስረዳት ምስክር ፍለጋ ይዞራል።

ለዚህ ነው የሰው ሀብት ሥራ ከቃለ መጠይቅና ከሥልጠና በላይ ነው የምለው። አደራ ነው። ከሁሉም በላይ ይህ የሚታየው በጡረታ ነው። በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ መደበኛው መውጫ ዕድሜ 60 ነው። ዕድሜውም የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በተመዘገበው የልደት ዘመን ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ ለሥራው ጓጉቶ፣ ልደቱን በግምት የሞላ ወጣት፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ መስኮቱ ላይ ይቆማል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፎርሙን ገልብጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በዚህ ወረቀት ስልሳ ዓመት ሞልቶዎታል» ትላቸዋለች። እሳቸው ገና ሦስት ዓመት ይቀረኛል ብለው የመጨረሻ ልጃቸውን የትምህርት ወጪ አስልተዋል። ያን ቀን የሚያከራክረው የሳቸው አስተዋጽኦ አይደለም፤ በችኮላ የተጻፈች አንዲት ቁጥር ናት።

ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ማኅደሩን ወደ ኮምፒውተር እያስገቡ ነው። መልካም ነው፤ አይጥም አይበላው፣ ዝናብም አያርሰው። ነገር ግን ኮምፒውተር የተሳሳተውን ቁጥር እንደ ትክክለኛው ሁሉ አሳምሮ ያስቀምጠዋል። ቴይለር መለካትን፣ ሆውቶርን ሰውን ማየትን አስተማሩን፤ ሁለቱ የሚገናኙት አዲስ ተቀጣሪ ፎርሙን ሞልቶ ሲያስረክብ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያዋ ማህተሙን ከማሳረፏ በፊት ወረቀቱን ወደ እሱ መልሳ አዙራ፣ «የልደት ዘመንህን ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ብትለው የምታጠፋው ግማሽ ደቂቃ ነው። የምትጠብቀው ግን ገና ያላየችውን ሽማግሌ ነው።