አጥንትህን ተወው፣ ሊትሩን ንገረኝ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከእስራኤል፣ ከአሽዶድ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «አጎቴ፣ የሐበሻ አጥንት ከባድ ስለሆነ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» ይላል። አብሮት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አለ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ ጥቁር ሰው ሰርፍ ቦርድ (ሞገድ የሚጋለብበትን ሰሌዳ) ሲገዛ በኪሎው ልክ ሊትር ቆጥሮ «ለአጥንቱ» ደግሞ 20 ሊትር መጨመር አለበት ብሎ ይመክራል። ጋዋኑን ማን እንዳለበሰው እግዜር ይወቅ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰምቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደወልኩለት። ጠይቄ ጠይቄ ጉዱ ወጣ። ልጁ ቅጥነቷና ቀለሟ ማርኮት አንዲት ያገለገለች ቦርድ ገዝቷል። በሆዱ ሲተኛባት ደረቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ሞገዱ መጥቶ ሲያልፍ እሱ ገና እየተንፈራገጠ ነው። ሦስት ሳምንት ለፍቶ አንድ ሞገድ አልያዘም። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። በሆዷ በኩል፣ መሐሏን ሰንጥቆ ከሚያልፈው ቀጭን እንጨት አጠገብ፣ በእርሳስ ተጽፏል፦ 5 ጫማ ከ10 ኢንች፣ 19½፣ 2⅜፣ 28 ሊትር (መሐል ያሉት ሁለቱ ስፋትና ውፍረቷ ናቸው፣ በኢንች)። ልጁ 70 ኪሎ ነው። አጥንቱ ምን አደረገ?

ቢሆንም አጥንቱን እንገላገለው። የሰው አጽም ከክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። የልጁ አጥንት ከጎረቤቱ አጥንት በ5 በመቶ ይከብዳል እንበል። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ነው። ግማሽ ኪሎ ለማንሳት ግማሽ ሊትር አየር ይበቃል፤ ይህም በእርጋታ የሚሳብ አንድ ትንፋሽ ነው። በሕዝቦች መካከል የአጥንት ጥግግት በአማካይ ይለያያል የሚሉ ጥናቶች መኖራቸውን አልክድም፤ ከዚያ ተነስቶ 20 ሊትር ላይ መድረስ ግን ከጋዋን በቀር ምንም አይጠይቅም። ወሬውም አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረው አል ካምፓኒስ በኤቢሲ ቴሌቪዥን «ናይትላይን» ላይ ቀርቦ፣ ጥቁሮች ጎበዝ ዋናተኛ የማይሆኑት ተንሳፋፊነት ስለሚጎድላቸው ነው አለ። በሁለተኛው ቀን ሥራውን ለቀቀ። እኛ ደግሞ እሱን ከሥራ ካስወጡት ወሬዎች አንዱን ተቀብለን ራሳችን ላይ እንለጥፋለን።

ወደ ሊትሩ ልመለስ። ቢጫውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በርሜል ውሃ ውስጥ ለመድፈቅ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እጃችሁን ወደ ላይ የሚገፋው ጉልበት 20 ኪሎ ገደማ ነው፦ ጀሪካኑ ቦታ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ማለት ነው። አርኪሜዲስን በትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ አልደግመውም። የባሕር ውሃ በጨዉ ምክንያት ትንሽ ይከብዳል፤ 1 ሊትር የሜዲትራንያን ውሃ 1.028 ኪሎ ያህል ነው። (የሙት ባሕር 1.24 ስለሚደርስ እዚያ ያለ ቦርድም ይተኛል፤ የሚጋለብ ሞገድ ግን የለም።)

የመማሪያ መጻሕፍታችን ሊትሩን «ይዘት» ይሉታል። ቃሉን አልወደውም፤ ውስጡ የሚቀመጥ ነገር ያለ ያስመስላል። 28 ሊትር ማለት ቦርዷ ሙሉ በሙሉ ብትደፈቅ ይህን ያህል ውሃ ቦታ ታስለቅቃለች ማለት ብቻ ነው። ርዝመቷን በስፋቷና በውፍረቷ ብታባዙ 53 ሊትር የሚሆን ሣጥን ይወጣል፤ አፍንጫና ጭራዋ ስለሚሾል፣ ጠርዟ ስለሚሳሳ ግማሽ ያህሉ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ቁመት ለክቶ ቦርድ መግዛት የጫማ ቁጥር አይቶ ኮት እንደመግዛት ነው።

አሁን እንደምር። ልጁ 70፣ ቦርዷ 3፣ ድምሩ 73 ኪሎ። ቦርዷ ጨርሳ ብትሰምጥ የምትሸከመው 29 ኪሎ ገደማ ነው። ቀሪውን 44 ኪሎ ማን ይሸከመው? ራሱ ልጁ ነዋ፤ ከግማሽ በላይ ገላውን ውሃ ውስጥ ከትቶ። ውሃ ውስጥ የገባ ገላ ደግሞ እንደ ረጠበ ጋቢ ወደ ኋላ ይጎትታል። ባለ 8 ጫማ የስፖንጅ ቦርድ፣ 70 ሊትር ገደማ የሚሆነው፣ ራሱ 6 ኪሎ ቢመዝን ከ76ቱ ኪሎ 72ቱን ይሸከማል። የቀረችውን አራት ኪሎ ውሃ ውስጥ ያሉት እጅና እግሩ ይችሏታል።

እንግዲያው «ኪሎና ሊትር እኩል ይሁን» የሚለው ልክ ነዋ? ለጀማሪ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ቪዲዮው ያለው አይደለም። ባለሙያ ተወዳዳሪዎች ለአንድ ኪሎ ክብደታቸው ከሊትር ሲሶ ብዙም የማይበልጥ ቦርድ ነው የሚይዙት። ሞገድ ሲጠብቁ ቦርዳቸው ላይ ተቀምጠው ውሃው ደረታቸው ይደርሳል። ሰምጠዋል እኮ! ግን ሞገዱ ሲመጣ ይበራሉ። ለምን? ይህን ጥያቄ ነው ከመነሻው ስጠብቅ የቆየሁት።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቸግረኛል። ቆሞ ውሃ ላይ መቅረትንም፣ ሮጦ በውሃ አናት ላይ መሄድንም «መንሳፈፍ» እንላለን። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን «መንሸራተት» ልበለው። የጣና ታንኳ ይንሳፈፋል፤ ቢቆምም ቢሄድም የሚሸከመው ቦታ ያስለቀቀው ውሃ ነው። ሕፃናት ሐይቅ ዳር የሚወረውሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ ግን ይንሸራተታል። ድንጋዩ በሊትር ቢለካ ምንም ነው፤ ፍጥነቱ እስካለ ድረስ ይዘልላል፤ ፍጥነቱ ሲያልቅ ቁልቁል ይወርዳል። ሰርፍ ማለት ታንኳ ሆኖ ጀምሮ ድንጋይ ሆኖ መጨረስ ነው።

ፈተናው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። በእጁ የሚቀዝፍ ሰው ቦርዱ ፊት ለፊት የራሱን ትንሽ ሞገድ ይሠራል። ፍጥነቱ ሲጨምር የዚያ ሞገድ ርዝመት ያድግና ከቦርዱ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ራሱ የቆለለውን ኮረብታ መውጣት ይሆንበታል። ይህ ጣሪያ ለ5 ጫማ ከ10 ቦርድ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር፣ ለ8 ጫማ ደግሞ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ 1.3 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲሰበር ቢያንስ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱን የሚሞላው ቁልቁለቱ ነው፦ ሞገዱ ጭራህን ያነሣና ያንደረድርሃል። ጎበዙ ሰው ቁልቁለቱ በሚተልቅበት ቦታና ሰኮንድ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ሊትር አያስፈልገውም። ጀማሪው ቦታውን ስለሚስት ቀድሞ መሮጥ አለበት፤ ለዚያ ቁመትም ሊትርም ይሻል።

መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ውሃው ከታች የሚሰጠው ግፊት በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የኤ4 ወረቀት የምታህል ቦታ ውሃውን ፊት ለፊት ብትቀበለው 80 ኪሎ ያህል ትገፋለች! ቦርድ ጋደል ብሎ ስለሚሄድ ከዚህ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው፤ ለዚህም ነው ሰፊ ሆድ የሚጠቅመው። ይህን ቀድሞ የገባው የካሊፎርኒያው ቦብ ሲመንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስለ ፈጣን ጀልባዎች ሆድ የተጻፈ የምሕንድስና ጥናት አንብቦ ሰፋፊ ቦርዶች ሠራ። በ1954 ሳንዲያጎ ውስጥ፣ ዊንዳንሲ በተባለው ዳርቻ ሞገድ ሲጋልብ ሞተ።

እዚህ ላይ ግን እጄን ልሰብስብ። የጀልባው ስሌት ለረጋ ውሃ የተሠራ ነው፤ የሞገድ ፊት ላይ ውሃው ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦርዱም ወደ ጎን ያጋድላል። በሙሉ ሩጫ ላይ ከክብደትህ ስንቱን ፍጥነት፣ ስንቱን ሊትር ይሸከማል በሚለው እኛ የፊዚክስ ሰዎችም እንከራከራለን። መልሱ እንደ ሞገዱ ነው። በኪሎ የሚባዛው የሊትር ቁጥርም ቢሆን የባሕር ዳር ልምድ እንጂ የላቦራቶሪ ግኝት አይደለም። እኔን የሚያሳምነኝ የሃዋይ አላያ ነው፦ ውፍረቱ ሁለት ኢንች የማይሞላ ጠፍጣፋ የእንጨት ቦርድ፣ ሰው ሲተኛበት የሚሰምጥ። ሃዋያውያን ግን ከጥንት ጀምሮ ጋልበውታል።

ለገዢ የሚሆነው አጭር ነው። ጀማሪ ከኪሎህ ያላነሰ ሊትር፣ ከ8 ጫማ ያላነሰ ቁመት ያዝ፤ ሞገዱን ሳትስት መያዝ ስትጀምር ወደ ግማሽ ውረድ። የሜዲትራንያን ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ስለሆነ ከውቅያኖስ ሰው ትንሽ ጨምር። ሊትሩ የት እንደተቀመጠም እይ፤ የአህያ ጭነት ወደ አንገት ካጋደለ አህያዋ ትደፋለች፣ ቦርድም ደረትህ ሥር ካልወፈረ እንደዚያው ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ባለ 70 ሊትሩን በሰዓት እየተከራየ ነው። በሁለተኛው ቀን ቆመ። ባለ 28 ሊትሯን ልሽጣት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አትሽጣት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትፈልጋታለህ አልኩት። ቪዲዮውን ግን አጥፋው።