ካሴቱ አሁንም በሥራ ላይ ነው

ስለ አየር ትንበያ ሲነሳ ሁሉም የሚያደንቀው ሱፐርኮምፒውተሩን ነው። አይፈረድባቸውም። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ላይ የተከለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ማሽን አንድ ሚሊዮን ያህል ኮር አለው። በአራት ስለተከፈለ አንዱ ለጥገና ቢቆም ትንበያው አይቋረጥም። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር ያስገባው ክሬይ-1 ግን ሜሞሪው 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

ስለ ማሽኑ ይህ ይበቃል። እኔ የምወደው ጎረቤቱን ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚያገለግለውን፣ ማርስ የሚባለውን ማህደር። የትናንቱ ስሌት ቢጠፋ ዛሬ እንደገና ይሰላል፤ ትናንት በፊኛና በሳተላይት የተለካው የአየር ሁኔታ ግን አንዴ ከጠፋ ማንም ተመልሶ አይለካውም። በመቶዎች የሚቆጠር ፔታባይት የያዘው ይህ ማህደር አብዛኛው የተቀመጠው በማግኔት ቴፕ ነው።

ይህን ስናገር “እንዴ፣ ካሴት? እሱማ ዘመኑ አልፏል” የሚለኝ ሰው አላጣም። አላለፈም። ኤልቲኦ-9 የሚባለውን ዓይነት እንውሰድ፤ መዳፍ ላይ የሚያርፍ አንድ ካርትሪጅ ከ1,000 ሜትር በላይ ቴፕ ተጠቅልሎበት 18 ቴራባይት ይይዛል። መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ መብራት አይፈጅም፤ ዲስክ ግን ማንም ባይነካውም ሲሽከረከርና ማቀዝቀዣ ሲፈልግ ይኖራል። መደርደሪያ ላይ ያለ ቴፕ ከማሽን ጋር ስላልተገናኘም የተበላሸ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ሊያጠፋው አይችልም።

“ቴፕ ቀርፋፋ ነው” የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የኤልቲኦ-9 ማንበቢያ በሴኮንድ 400 ሜጋባይት ያነባል፤ ይህ ከተለመደው የሚሽከረከር ዲስክ ይበልጣል። ጊዜ የሚፈጀው ፍለጋው ነው። ሮቦቱ በሐዲዱ ሄዶ ካርትሪጁን በባርኮዱ ይለያል፣ መዝዞ ያወጣል፣ ማንበቢያው ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ ቴፑ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ ይጠቀለላል። በካሴት ዘመን ከመሃል አንድ ዘፈን ለመስማት ስናጠነጥን የነበርን ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባናል።

ይህን አለማወቅ ስንት ቀን እንደሚያቃጥል ያየሁት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ “ጋሼ፣ ዳታው አልመጣ አለኝ” ብላ ፕሮግራሟን ስታሳየኝ ነው። የምትፈልገው ኤራ5ን ነበር፤ ከ1940 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን የዓለም አየር በየሰዓቱ፣ በ31 ኪሎ ሜትር ርቀትና እስከ 80 ኪሎ ሜትር ከፍታ በ137 ደረጃ የሚያሳየውን። በብዛት የሚፈለገው ክፍል ዲስክ ላይ ስላለ ቶሎ ይደርሳል፤ 137ቱ ደረጃዎች ግን ያሉት ቴፕ ላይ ነው። እሷ መጀመሪያ የ40 ዓመት ሙቀት፣ ቀጥሎ የ40 ዓመት ንፋስ፣ በመጨረሻ የ40 ዓመት እርጥበት በየወሩ እየከፋፈለች ጠይቃለች። ማህደሩ ውስጥ ግን የአንድ ወር ሙቀት፣ ንፋስና እርጥበት አንድ ፋይል ውስጥ አብረው ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ 480 ወር ሦስት ጊዜ ተጎበኘ፦ 1,440 ፍለጋ። “ልጄ፣ የፕሮግራምሽን የውጭ ዙር በወር አድርጊው፤ የወሩን ሦስቱንም በአንድ ጥያቄ ጠይቂ” አልኳት። ፍለጋው ወደ 480 ወረደ። የማህደሩ መመሪያ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል፤ ሳያነቡ መቶ ጥያቄ የሚደረድሩ ሰዎች የሚያባክኑት የራሳቸውን ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ከኋላቸው ወረፋ የያዘውን ሰው ጊዜ ጭምር ነው።

መረጃው በነፃ ነው፤ መመዝገብ ብቻ ይበቃል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር የተቀመጠ ተማሪ በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ ያ ክፉ ረሃብ በዓለም ዘንድ ከመታወቁ በፊት፣ በወሎ ሰማይ ላይ ንፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር ሰዓት በሰዓት ማየት ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበል፦ ኤራ5 ልኬትና ሞዴል ተዋህደው ያወጡት ውጤት እንጂ የዝናብ መለኪያ ንባብ አይደለም። የ31 ኪሎ ሜትር አማካይ ተራራውንና ሸለቆውን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ጣቢያ በሳሳበት አገር ደግሞ ከመሬት መለኪያ ጋር ሳያመሳክሩ ዝናቡን እንዳለ መውሰድ ጥፋት ነው።

ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ጥያቄው ላይ የአካባቢውን ወሰን ጻፉ፤ ለኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ይበቃል። መረጃው ከመላኩ በፊት እዚያው ስለሚቆረጥ የምታወርዱት ፋይል በጣም ያንሳል። የቴፑን ፍለጋ ግን አያሳጥረውም፤ ለእሱ መፍትሔው የአንድ ወሩን ሁሉ በአንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው።